ሣር ያልበቀለበት አፈር

ሽማግሌ ሆዴን አመመኝ ቢል የሚደነቅ የለም። እኔም ከዳንኩ በኋላ ነገሩን ዋጥ አድርጌ ልቀመጥ ነበር። «አባዬ፣ በአፍህ ለመናገር ካፈርክ ጻፈው፤ ያነበበው ይጠንቀቅበት» ያለችኝ ልጄ ብርቄ ናት። ፊደል የቈጠርኩት ጎልምሼ በማታ ትምህርት ስለሆነ እጄ አይፈጥንም። ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ፣ እናንተም ቀስ እያላችሁ አንብቡልኝ።

ደምሴ እባላለሁ። ካምፓላ የገባሁት ጠጉሬ ሳይሸብት ነው። አሁን የሠፈሩ ሰው «ሙዜ» ይለኛል፣ ሽማግሌው ማለቱ ነው። ሥራዬ ጥበቃ ነው። ከሙንዮንዮ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ አንድ ያገሬ ነጋዴ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራበት የገዛው ቦታ አለ፤ ቀን ቀን እሱን እጠብቃለሁ። የምኖረው ከብርቄ ጋር ነው። እሷ ካባላጋላ በሚባለው ሠፈር አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች። ባሏ የጭነት መኪና ይዞ ጁባ ስለሚመላለስ ቤቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ እኔና እሷ ብቻ ነን።

ለእንግዳ ማረፊያው መሠረት ሲቈፈር ከጉብታው ሥር ጥቁር ድንጋይ ወጣ። ቀልጦ የተንጠባጠበ ይመስላል፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ሲያነሡት ይከብዳል። አወቅሁት፤ የብረት አር ነው፣ ብረት ሲነጠር የሚቀረው ዝቃጭ። ባገሬ በቀጥቃጮች ደጅ ተከምሮ አይቼዋለሁ። ከድንጋዩ ጋር የወናፍ አፍ የሚመስል የሸክላ ስባሪና እሳት ጠብሶ ያቀላው አፈር ወጣ። በአጥሩ ማዶ ካሳቫ የሚያርሰው ጎረቤቴ ሙዜ ካቶ ሊያይ መጣና በስዋሂሊ እንዲህ አለኝ፤

«ድሮ እዚህ ድንጋይ እያቀለጡ ብረት ያወጡ ነበር። ከአያቴ አያት በፊት ነው። እኛ ጉብታው ላይ ምንም ተክለን አናውቅም፣ ተክል እምቢ ይላል።»

እውነቱን ነበር። ጉብታው ላይ ሣሩ እንደ በሽተኛ ጠጉር የሳሳ ነው፤ መሐሉ ላይማ ጭራሽ የለም። ሰማሁት፣ ግን ልብ አላልኩም።

በዓቢይ ጾም ጨጓራዬ ተነሣ። ውስጤ ይነድዳል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ ከጉድጓዱ የሚወጣው ሽታ አፌን ምራቅ ሞላው። ዙሪያዬን አየሁ፣ ሰው የለም። ከቀዩ አፈር ቈንጥሬ ምላሴ ላይ አኖርኩት። ቃጠሎው ረገበልኝ። በማግሥቱ ደገምኩ። ከዚያ በኋላ አፈሩ ይጠራኝ ጀመር፤ ሌላ ቃል የለኝም።

እዚህ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጋባ የዓሣ ገበያ ዳር ሴቶች ቡምባ የሚሉትን የደረቀ ጭቃ ደርድረው ይሸጣሉ፤ ነፍሰ ጡሮች እየገዙ ይቈረጥሙታል። እኔ ግን ከዚያ ልገዛ አልደፈርኩም። ዓሣ ሊገዙ የሚመጡ የሐበሻ ሴቶች ያውቁኛል። ጢሙ የሸበተ ወንድ የእርጉዝ አምሮት አማረው ከምባል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ስለዚህ ከጉብታው ወሰድኩ። ልቤንም እንዲህ እያልኩ አሳመንኩት፤ ሣር የለበትም፣ ሥር የለበትም፣ አንድ ትል እንኳ አይቼበት አላውቅም። እሳት ያየ ነው። ከዚህ የበለጠ ንጹሕ አፈር ከየት ይመጣል?

ምንም የማይኖርበት መሆኑን እንደ ንጽሕና ቈጠርኩት። ከሠራሁት ስሕተት ሁሉ ዛሬም ፊቴን የሚያቀላው ይኸኛው ነው።

ወራት አለፉ። ብርቄ ፀነሰች። እሷንም አፈር አማራት፤ የእርግዝና ነገር ነውና ሳትደብቅ ከጋባ ቡምባ እየገዛች በቀሚስ ኪሷ ይዛ ትዞር ነበር። አንድ ቀን ምሳ ልበላ በምግብ ቤቱ ጓሮ ተቀምጫለሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ አዜብ፣ አፏ የማያርፍ፣ ግን ደግ ሴት ናት፣ ብርቄን ስትቈረጥም አየቻትና፣

«ብርቄ! ቤት ልትሠሪ ነው እንዴ? ግድግዳው ሳይቆም ጭቃውን ጨረስሽው እኮ!» አለች። ሽንኩርት የሚልጡት ሁሉ ሳቁ።

«ተዪኝ ባክሽ፣ አምሮኝ ነው» አለች ብርቄ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ልጅዎን ይምከሯት እንጂ! በዚህ አያያዟ ሆዷ የመሬት ካርታ ሊያስፈልገው ነው።»

እኔም ሳቅሁ። ጮክ ብዬ ነው የሳቅሁት። የሸሚዜ ኪስ ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለ ቁራጭ አፈር ነበረኝ። ብርቄ አየችኝና አንገቷን ደፋች።

ማታ ቤት ስንገባ አሳዘነችኝ። «ከገበያ አትግዢ ልጄ፤ ስንት እጅ የነካው ነው። ጋባ አንዲት ሴትዮ አውቃለሁ፣ ንጹሕ አላት፤ እኔ አመጣልሻለሁ» አልኳት። ሴትዮ የሚባል የለም። ከጉብታው መርጬ ወስጄ ይበልጥ ይንጻ ብዬ በብረት ምጣድ አመስኩና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ቀመሰችና ዓይኗ በራ። «አባዬ፣ የሴትዮዋ ይበልጣል!» አለች። ደስ አለኝ። እንዲህ ነው ያበላኋት፤ ደስ እያለኝ።

የእኔ ሕመም ከዚያ ቀደም ብሎ ጀምሮኝ ነበር። መጀመሪያ አፌ ሳንቲም የጐረስኩ ያህል ጣዕሙ ተበላሸ። ከዚያ ሆዴን ጨምቆ የሚይዝ ቁርጠት መጣ፤ ሲይዘኝ ጉልበቴን አቅፌ እንደ ሕፃን እጠቀለላለሁ። ሰገራ እምቢ አለ። ፊቴ ገረጣ። የሚገርመው፣ ሆዴ ሲብስ አፈሩን አብዝቼ በላሁ፤ እሱ ብቻ ያስታግሠኛል ብዬ።

በጋባ መንገድ ያለው ትንሽ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ምንም። ሌላው ወባ አለ። ሌላው የጨጓራ ቁስል ነው ብሎ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ሰጠኝ። አንድ ትልቅ ቦታ ደግሞ አንጀትህ ታጥፏል፣ ሆድህ ይከፈት ብለው አልጋ አስያዙኝ፤ ቁርጠቱ በማግሥቱ ሲለቀኝ ብርቄን ለምኜ ወጣሁ። ወጪውን ሁሉ የሸፈነችው እሷ ናት። ሆዷ እየገፋ ቆማ ትውልና ከሥራ ስትወጣ እኔን ይዛ ቦዳ በሚሉት ሞተር ብስክሌት ላይ፣ ከቦዳ ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ወረፋ። ወረፋ ላይ አንዲት የማላውቃት የዚህ አገር ሴት ለልጇ ከያዘችው ገንፎ በዕቃው ክዳን ላይ ቀንሳ ሰጥታኛለች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እኔ እንግሊዝኛ አልችልም፤ ስዋሂሊዬም ለሕመም ወግ አይበቃም። ሐኪሞቹ የሚጠይቁኝን የምትተረጉመው ብርቄ ናት። «ምን ይበላሉ?» ሲሉ እኔን ሳትጠይቅ፣ «ጾመኛ ነው፣ ሽሮና ምስር፣ ሌላ ነገር አያውቅም» ትላለች። ለሐኪም የምናገረው ሁሉ በልጄ አፍ የሚያልፍ ነው። ነውርን በገዛ ልጅ አፍ ማሳለፍ ይከብዳል። የአፈሩን ነገር ደበቅሁ።

ከዚያ እጄ ወደቀ። አንድ ጧት የግቢውን በር ልከፍት ቁልፉን ያዝኩ፤ የቀኝ እጄ ከአንጓው ላይ ተንጠለጠለ። ጣቶቼ አሉ፣ ግን ቀና አይሉልኝም። ሳማትብ እጄ ደረቴ ላይ ሳይደርስ ይታጠፋል። በዚያ ሰሞን ሌሊት እነቃና ጨለማው ውስጥ በግራ እጄ ቀኝ እጄን ይዤ እቀመጥ ነበር፣ ይሞትብኛል ብዬ።

እጄ ነው ወደ ትክክለኛዋ ሐኪም የመራኝ። ብርቄ ጠይቃ አንድ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ዶክተሯ የዚሁ አገር ሰው፣ ዕድሜዋ ከብርቄ ብዙም የማይርቅ ናት። እጄን አየች፣ የዓይኔን ውስጥ አየች፣ ከዚያ ከንፈሬን ገልጣ ድዴን አየች። በጥርሴ ግርጌ ሰማያዊ የመሰለ ቀጭን መስመር ነበር። ደም ቀድታ ለምርመራ ወደ ውጭ አገር ላከች፤ ውጤቱ እስኪመጣ ብዙ ቆየ።

ሲመጣ ብርቄ ተረጐመችልኝ። «አባዬ፣ ደምህ ውስጥ እርሳስ አለ ትላለች። የሚጻፍበት አይደለም፣ ብረቱ። ጋባ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸው እንዲሰጥም ጠርዙ ላይ የሚያስሩት ከባዱ። እሱ ነው ደምህን የጨረሰው፣ አንጀትህን የሚጨምቀው፣ እጅህን የጣለው።»

ዶክተሯ ጥያቄ ጀመረች። ባትሪ ይፈታል ወይ? ቀለም ይቀባል ወይ? መረብ ይሠራል ወይ? ብርቄ እየተረጐመች፣ እኔ አይ እያልኩ። ከዚያ ዶክተሯ አንድ ነገር ጠየቀችና ብርቄ ሳቀች። ለእኔ አልተረጐመችም፤ ራሷ መለሰች። «ኖ፣ ኖ!» የሚለውን ሰማሁ። ከዚያ ወደ ሆዷ እያመለከተች ጥቂት አወራች።

«ምን አለችሽ?»

«አፈር ይበላል ወይ ነው የምትለው፣ አባዬ። እኔ ቡምባ እበላለሁ፣ አባቴ ግን ነክቶትም አያውቅ አልኳት።»

ዶክተሯ ስትናገር ብርቄ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ ቀጠለች፤ «እርሳስ የእናት ሆድ አያግደውም፣ ወደ ልጁ ይገባል ትላለች። የልጅ ጭንቅላት ይጎዳል። ስለዚህ የእኔንም ደም ታያለች። ግን አንተ አፈር ካልበላህ ነገሩ ከአፈሩ አይደለም፤ ሌላ ቦታ እንፈልግ፣ የቤታችሁን ቧንቧና የግድግዳውን ቀለም እዩ አለች።»

ዶክተሯ ብዕሯን አነሣች። አፈሩን ከዝርዝሯ ልትሰርዘው ነው። እኔ ዝም ብል እነሱ ቧንቧ ሲፈልጉ ብርቄ ማታ ገብታ ጨርቁን ትፈታና የሴትዮዋን አፈር ትቈረጥማለች።

በብርቄ አፍ ማለፍ አልቻልኩም። ከገበያ የለቀምኳት ጥቂት ሉጋንዳ አለችኝ፤ ዶክተሯን አየሁና በዚያች፣ «ንዲያ ኤታካ» አልኳት። አፈር እበላለሁ ማለት ነው።

የዶክተሯ ብዕር ቆመ። ብርቄ ያልገባት መስላ ወደ እኔ ዞረች። ለእሷ ባማርኛ ነገርኳት። «የሚጣፍጥሽም እሱ ነው ልጄ። የጋባ ሴትዮ የለችም። ከጉብታው ነው፤ ጥቁሩ ድንጋይ ከወጣበት።»

እንደምትጮህብኝ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ታይ ጀመር። ዶክተሯ ምንም ሳትጠይቅ ተነሥታ የብርቄን እጅጌ ጠቀለለችና ላስቲኩን አሰረችላት። ደሙ ሲቀዳ እኔ አቀርቅሬ የገዛ ጫማዬን አየሁ።

ውጤቷ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ከሕመሜ ሁሉ የከፋ ነበር። ምግቤን ታቀርባለች፣ መድኃኒቴን ትሰጣለች፣ ሌላ ቃል የለም። መድኃኒቱ ከውጭ የመጣ እንክብል ነው፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሽታውን አልጠላሁትም። ይገባኛል አልኩ።

የብርቄ ደም ውስጥም ተገኘ። ከእኔ እጅግ ያነሰ ነው፤ ግን ተገኘ። አፈሩን አቁሚ፣ ወተትና የደም ማነስ ኪኒን ውሰጂ፣ በየጊዜው ነይ ተባለች። ዶክተሯ ለእኔም ነገሩን አስረዳችኝ። ደም ሲያንስ አፈር ያምራል። ያ አፈር ውስጥ ያለው እርሳስ ደግሞ ደሙን ይበልጥ ይቀንሳል። ስለዚህ የበላ ይበልጥ ያምረዋል። «ስለዚህ አትፈር፣ ሙዜ፤ ሕመም ነው» ብላለች። ብርቄ ይህችን ስትተረጉም ድምፅዋ ለሰለስ አለ። እኔ ግን ዛሬም አፍራለሁ። የገበያውንስ ልግዛ ብዬ ባስጠይቃት፣ «እሱንም ማንም መርምሮት አያውቅ፤ አልመክርም» አለች።

ዶክተሯ የላከቻቸው ሰዎች መጥተው ጉብታውን በመሣሪያ ለኩት። አንዱ መምህር ነው አሉኝ። ድንጋዩ ሲቀልጥ የድሮዎቹ አቅላጮች ብረቱን ለይተው ወስደዋል፣ እርሳሱ በጢስና በአመድ ተበትኖ እዚያው ቀርቷል አለ። ምን ምን ያቀልጡ እንደነበር የሚያውቅ የለም። ብረት ቢተዉት ዝጎ ያልቃል፤ እርሳስ ግን አይበሰብስም፣ ዝናብ አጥቦ አይወስደውም። ያቀለጡት ሰዎች መቃብራቸው እንኳ የት እንደሆነ አይታወቅ፤ የሥራቸው ትራፊ ግን ትናንት የተጣለ ያህል አለ። ሙዜ ካቶ አጥሩን ተደግፎ ይሰማ ነበር። «ነግሬህ ነበር» ሊለኝ ይችል ነበር፤ ሳይለኝ ወደ ካሳቫው ተመለሰ። የቦታው ባለቤት ጉብታውን በሌላ አፈርና በሲሚንቶ አሸፍኖ ሕንፃውን ወደ ላይ አሸሸው።

ብርቄ ሴት ልጅ ወለደች። ዶክተሯ የሕፃኗንም ደም አየች። ጥቂት አለ፤ እስክታድግ እንከታተላታለን አለች። ታለቅሳለች፣ ትጠባለች፣ ጣት ስትሰጧት ትጨብጣለች። ከዚህ በላይ ማንም ቃል አልሰጠንም።

የእኔ እጅ ቀስ እያለ ተነሣ። አንድ ቀን ብርቄ ልጇን አምጥታ በክንዴ ላይ አስተኛችልኝ። ፈራሁ። «ትወድቅብኛለች» አልኳት።

«አትወድቅም» አለች፤ ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች። «አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ? እነ አዜብ የሳቁብኝ ዕለት፣ ያን ጊዜም ኪስህ ውስጥ ነበር?»

«ነበር» አልኳት።

«አፈሩን ማብላትህ አይደለም የቈረጠኝ። አላወቅህም። ንጹሕ መስሎህ ነው። ያን ቀን ግን አብረህ ሳቅህ።»

ሕፃኗ አውራ ጣቴን ይዛ ነበር።

ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ሆነ። የምግብ ቤቱ ሰዎች ሁሉ ቤታችን መጡ። ሲበላና ሲጠጣ ቆይቶ አዜብ፣ «እስቲ ጋሽ ደምሴ ይመርቁን! ይቺ ልጅ እንኳ መሠረቷ ጠንካራ ነው፣ እናቷ ስንት ጆንያ ጭቃ ገብራበታለች!» አለች። ሳቁ። ብርቄ እጣን እንደ ጨሰበት ሰው ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ወደ እኔ አየች።

ተነሣሁ። «ልመርቅ ተነሣሁ፣ ግን አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር» አልኩ። «እኔም አፈር እበላ ነበር። ከእሷ በፊት፣ ከእሷ የበለጠ። ስትስቁባት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እኔም ሳቅሁ። የታመምኩት በሱ ነው። ልጄንና የልጅ ልጄንም ያስነካሁት እኔ ነኝ።» አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ መረቅሁ፤ ምን ብዬ እንደ መረቅሁ አላስታውስም፣ አሜን ያሉት ግን ጥቂቶች ነበሩ። ተቀመጥኩ። ብርቄ ከጎኔ መጥታ ብርጭቆዬን ሞላችልኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለክትትል ሆስፒታል ሄድኩ። ብርቄ ሕፃኗ ስለታመመችባት አልመጣችም፤ ብቻዬን ነኝ። ወረፋው አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የሳበች ሴት ተቀምጣለች። ስቀርብ አዜብ ናት። አየችኝና ልትነሣ ቃጣች።

«ተቀመጪ ልጄ» አልኳት። ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩ። ፊቷ ገርጥቷል፤ እስከዚያ ቀን ልብ አላልኩትም ነበር። እርጉዝ አይደለችም።

«ጋሽ ደምሴ» አለች ወለሉን እያየች፣ «ዛሬ ማን ሊያስተረጉምልዎ ነው?»

«ማንም የለኝ።»

«እኔ እገባልዎታለሁ።» ነጠላዋን ይበልጥ ሳብ አድርጋ፣ «የእኔ እንኳ ያን ያህል አይደለም፣ ለራስ ምታት ነው የመጣሁት» አለች።

«እንግዲያው አብረን እንግባ» አልኳት። «እኔ ያማረኝን ሁሉ እነግራታለሁ፣ አንቺ ተርጉሚልኝ። ለሐኪም በእኔ ስም ስትናገሪ ያንቺንም አምሮት እዚያው ውስጥ ጨምሪበት። የማን የማን እንደሆነ ዶክተሯ ራሷ ትለየዋለች።»

ስሜ ሲጠራ ተነሣችና እጄን፣ ያንን ወድቆ የነበረውን፣ ይዛ አስነሣችኝ።